ቱቦውን ማን አየው?

 

ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ከባልደረቦቼ ጋር በአንድ የገጠር አስፋልት ስንጓዝ አንድ እረኛ ልጅ በጅራፉ እያመለከተ አስቆመን። እዚህች ቦታ ላይ ከባድ መኪና ሲያልፍ መሬቱ እንደ ከበሮ ይጮሃል አለን። ወርደን አየን። አስፋልቱ ደህና ነው፤ ስንጥቅ እንኳ የለውም። ከጠርዙ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ፣ የመንገዱ ትከሻ ላይ፣ የቡና ስኒ አፍ የምታህል ቀዳዳ አለች። ዙሪያዋን ሣር በቅሎባታል። ጠጠር አንስቼ ጣልኩባትና ጆሮዬን አስጠጋሁ። አንድ ቅጽበት ቆይቶ ጠጠሩ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሰማሁት።

ቁልቁል ወርደን ከመንገዱ ሥር ባለው የውሃ ቱቦ ታችኛው አፍ በኩል ገባንና በባትሪ አበራን። ሦስተኛውና አራተኛው የኮንክሪት ቀለበት ተለያይተው በመካከላቸው አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ክረምት በመጣ ቁጥር ከላይ የነበረው አፈር በዚያ ክፍተት እየሾለከ ከጎርፉ ጋር ሄዷል። የቀረው አንድ በሬ የሚያስተኛ ባዶ ዋሻ ነው፤ ጣሪያው አስፋልቱ ራሱ። በዚያ ጣሪያ ላይ በየቀኑ አውቶቡስ ሰው ጭኖ ያልፍ ነበር። መንገዱን ያኔውኑ ዘጋነው። ሹፌሮች ተቆጡ፤ ደህና አስፋልት እያሳዩን ምን ሆነና ነው አሉ። ሲቆፈርና ጉዱ ሲወጣ ግን ሁሉም ዝም ብሎ ቆሞ አየ።

እኔ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ እምነት ይዣለሁ። ቱቦን የሚያፈርሰው ውሃ ነው ይባላል። ውሃው ግን ዓመታት ይፈጅበታል፤ በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚያይ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ አብዛኛው አይፈርስም ነበር። እረኛው ሰማ፤ እኛ ባለሙያዎቹ በመኪና ላዩ ላይ ስናልፍ ኖርን።

መሐንዲሶች ካልቨርት እንለዋለን። በመንገድ ሥራ ሰነድ ላይ ፉካ ተብሎም ይጻፋል። ሰፈር ውስጥ ግን ክብም ሆነ አራት ማዕዘን ሁሉም ቱቦ ነው፤ ቃሉን የወረስነው ከጣሊያንኛ ነው። እኔም ዛሬ እንደ ሰፈሩ ሰው ቱቦ እላለሁ። ክቡ ከኮንክሪት ቀለበቶች የሚገጣጠም ነው። አራት ማዕዘኑ በአርማታ ይሠራል። ግራና ቀኙ የድንጋይ ግንብ ሆኖ ከላይ ሶሌታ የተዘረጋበትም አለ። እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ የተሸበሸበ የብረት ቱቦም አለ፤ የእሱን ጣጣ ኋላ እመጣበታለሁ። በጣሊያን ዘመን በጥርብ ድንጋይ ቅስት ከተሠሩት ውስጥ ዛሬም ውሃ የሚያሳልፉ አሉ፤ ባየኋቸው ቁጥር የግንበኞቹን እጅ አደንቃለሁ።

ድልድይን ሰው ያውቀዋል። ስም አለው፤ መኪናው ሲያልፍበት ወንዙ ይታያል፤ ልጆች በመስኮት ይመለከታሉ። ቱቦ ግን አፈር ለብሶ፣ አስፋልት ተነጥፎበት፣ ከመንገዱ ጋር አንድ ሆኖ ይቀመጣል። በተራራማው አገራችን በአንድ ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለት ሦስት ቱቦ ማግኘት የተለመደ ነው። ከዚህ አዳራሽ ተነስቶ ወደ ክፍለ ሀገር የሚሄድ መንገደኛ በመቶዎች በሚቆጠሩ ቱቦዎች ላይ ያልፋል፤ አንዱንም ሳያይ።

አሁን ውሃ ቱቦን እንዴት እንደሚበላው ልንገራችሁ። ብዙ ሰው ጉዳቱ የሚጀምረው ከላይኛው አፍ ይመስለዋል፤ ደለልና ቆሻሻ የሚታየው እዚያ ስለሆነ ነው። እኔ ባየሁት ግን ከባዱ ሥራ የሚሠራው በታችኛው አፍ ነው። መስክ ላይ ተበትኖ ቀስ ብሎ ይፈስ የነበረ ውሃ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ተሰብስቦ ሲገባ ፍጥነት ይጨምራል፤ በታች ሲወጣ ደግሞ ያን ፍጥነት የሚያወርድበት ቦታ ይፈልጋል። የፈሳሽ ሳይንስ እዚህ ላይ የሚያስደነግጥ ሕግ አለው፤ የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ሊያንከባልለው የሚችለው የድንጋይ ክብደት 64 እጥፍ ይሆናል። ትናንት ጠጠር ብቻ ይገፋ የነበረ ፈሳሽ ዛሬ ፍጥነቱ እጥፍ ስለሆነ ብቻ ትልቅ ድንጋይ ያንቀሳቅሳል ማለት ነው። ስለዚህ መውጫው ሥር ይቆፍራል። ጉድጓዱ ወደ ኋላ፣ ወደ መንገዱ ይሄዳል። የግንቡ መሠረት ይንጠለጠላል፤ ከዚያ ከአፉ ግራና ቀኝ ያለው የክንፍ ግንብ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ የመጨረሻው ቀለበት ዘምበል ይላል፤ ቀለበቱ ሲዘም መገጣጠሚያው ይከፈታል። እረኛው ያሳየን ዋሻ መጀመሪያው እንዲህ ነበር።

ሌላው መንገድ ከቱቦው ውጭ ነው። ውሃው በቱቦው ውስጥ በማለፍ ፈንታ በጎኑ፣ በኮንክሪቱና በተሞላው አፈር መካከል ትንሽ ስንጥር አግኝቶ ይሾልካል። ሙሌቱ በደንብ ካልተጠቀጠቀ ስንጥሩ በዓመት በዓመቱ ይሰፋል። መረሬ አፈር ያለበት አካባቢ ደግሞ መሬቱ ራሱ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል፤ ቱቦውን በየዓመቱ እንደ ጥርስ ይነቀንቀዋል። ለዚህ አንድ ቀላል ምልክት አለ፤ ባለሙያ ባትሆኑም ልታውቁት ትችላላችሁ። በላይኛው አፍ የሚገባው ውሃ ጠርቶ በታች የሚወጣው ደፍርሶ ከሆነ በመካከሉ አፈር እየተበላ ነው። ይህን ያየ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም።

የተሸበሸበው ብረት ጠላቱ ዝገት ነው፤ የሚዝገው ደግሞ ወለሉ ነው፤ ውሃውም አሸዋውም እዚያ ላይ ስለሚሄድ። ከላይ ስታዩት ጣሪያው አዲስ ይመስላል። ወለሉ ግን ተበስቶ፣ ቀጥሎም ተቆርጦ ያልቃል። የብረት ቱቦ ጥንካሬው ክብነቱ ነው፤ ወለሉ ሲቆረጥ ክብ መሆኑ ይቀራል፤ ከሥሩ ያለው አፈርም ይታጠባል። በዚህ ምክንያት የደረሰ አንድ አደጋ አለ፤ በሙያችን ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አገሩ አውስትራሊያ ነው። ከሲድኒ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ተሂዶ፣ ሱመርስቢ በሚባል ቦታ፣ አሮጌው ፓሲፊክ አውራ ጎዳና ፓይልስ ክሪክ የሚባለውን ጅረት ይሻገራል። ከመንገዱ ሥር የተሸበሸበ የብረት ቱቦ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 2007 ብርቱ ማዕበልና ዝናብ አካባቢውን መታው። መንገዱ በቱቦው ላይ ተደረመሰ። በመኪና ይጓዙ የነበሩ አምስት የአንድ ቤተሰብ ሰዎች፣ ሁለት አዋቂዎችና ሦስት ልጆች፣ በጎርፉ ተወስደው ሞቱ። በተከታዩ ዓመት የተደረገው የፍርድ ምርመራ ያወጣው ነገር የዝናቡን ያህል ከባድ ነበር። የቱቦው ወለል መዛጉ ከአደጋው ዓመታት በፊት ታውቆ ነበር። ታይቷል፤ ተጽፏል፤ ጥገናው ግን ሲዘገይ ኖሯል።

ይህን ታሪክ ስናገር ሁልጊዜ ቀኑ ይከብደኛል። ጁን 8 በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 1 ነው። ያ ዓመት 1999 ዓ.ም. ነበር።

ማየት ብቻውን አይበቃም የምለው ለዚህ ነው። ያየው ሰው ለማን ይናገራል? የሰማው ምን ያደርጋል? መቼ? እዚህ ላይ የሥራ አመራር ጉዳይ ይመጣል። ነገሩ ደረቅ ይመስላል፤ ግን ሰው የሚድነው በዚህ ነው።

አሜሪካኖች የድልድይ ምርመራን በሕግ የደነገጉት ከሐዘን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 1967 በኦሃዮ ወንዝ ላይ የነበረው ሲልቨር ብሪጅ ተደርምሶ 46 ሰው ሞተ። ከዚያ በ1971 አገር አቀፍ የምርመራ ደንብ ወጣ፤ ድልድዮች እንዲቆጠሩ፣ በመደበኛው በየሁለት ዓመቱ እንዲታዩ ታዘዘ። መልካም ነገር ነው። ደንቡ ግን ወሰን ነበረው፤ ርዝመቱ ከ20 ጫማ፣ ማለትም ከ6 ሜትር ጥቂት ከፍ ካለ መጠን በላይ የሆነውን ብቻ ነው የሚመለከተው። በእኛም አሠራር ድልድይና ካልቨርት የሚለዩት በዚሁ በ6 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በታች ያለው በብዙ አገር መዝገብ ውስጥ አይገባም። ትንሽ ስለሆነ ተተወ። ቁጥሩ ግን ከድልድዮቹ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ መንገድ ሲቆረጥም በአብዛኛው የሚቆረጠው እዚያ ነው።

ስለዚህ እኔ የመጀመሪያው ሥራ መቁጠር ነው እላለሁ። እያንዳንዱ ቱቦ ቁጥር ይኑረው። ቁጥሩ በራስጌው ግንብ ላይ በቀለም ይጻፍ። ከመንገዱ መነሻ ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንዳለ፣ ክብ ይሁን ባለሶሌታ፣ ስፋቱ፣ የተሠራበት ዓመት፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበት ቀን፣ ያየው ሰው ስም ይመዝገብ። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሞተር ብስክሌት፣ አንድ ሜትር፣ አንድ ጣሳ ቀለምና ፎቶ የሚያነሳ ስልክ ነው። ቁጥር የሌለው ቱቦ ቢታመም እንኳ ሰው ሪፖርት ማድረግ አይችልም፤ ከትልቁ ዋርካ አለፍ ብሎ ያለው ቱቦ ይላል፤ ቢሮ ያለው ሰው የትኛው ዋርካ እንደሆነ አያውቅም፤ ወረቀቱ እዚያው ያድራል።

ምርመራው ራሱ ምን እንደሚመስል ላሳያችሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ ቢደረግ እመኛለሁ። አንዱ በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይጠና፤ ሁለተኛው በጥቅምት፣ ውሃው ሲጎድልና ያደረሰው ጉዳት እርጥብ ሳለ። ከዚህ ሌላ ትልቅ ጎርፍ ባለፈ ማግሥት።

መጀመሪያ መንገዱ ላይ ቆማችሁ ርቃችሁ አስፋልቱን ተመልከቱ። ቱቦው ባለበት ቦታ ላይ አስፋልቱ እንደ ኮርቻ ጎድጎድ ብሏል? በተደጋጋሚ የተለጠፈ ጥገና አለ? አንድ ቦታ ሦስት ጊዜ ከተለጠፈ ችግሩ ከአስፋልቱ አይደለም፤ ከሥር ነው። ከዚያ ወደ ታችኛው አፍ ውረዱ። የመውጫው ወለል ከመሬት ጋር ይነካካል ወይስ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል? እጅ ወይም ዱላ ከሥሩ ይገባል? የጉድጓዱን ጥልቀት ለኩ፤ አምና ስንት ነበር? የክንፉ ግንብ ላይ ስንጥቅ ካለ እኛ የምናደርገው ቀላል ነገር አለ። ስንጥቁ ላይ መዳፍ የምታህል ስስ የሲሚንቶ ልስን ለጥፈን ቀኑን እንጽፍባታለን። በሚቀጥለው ጉብኝት ልስኗ ተሰንጥቃ ካገኘናት ግንቡ አሁንም እየሄደ ነው። ሳትሰነጠቅ ከቆየች ስንጥቁ የድሮ ነው፤ ግንቡ ተደላድሏል። ይህችን ልስን ከብዙ ውድ መሣሪያ አስበልጬ እወዳታለሁ፤ ማንም ሰው አይቶ ሊያነባት ይችላል።

ወደ ውስጥ መግባት ሌላ ነገር ነው። እባካችሁ ብቻችሁን አትግቡ። አንድ ሰው ሁልጊዜ ውጭ ይቁም፤ የላይኛውን አገር ሰማይ ይመልከት። እናንተ ጋ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ከተራራው ማዶ ዘንቦ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል። ከተማ ውስጥ ፍሳሽ የሚገባበት ቱቦ ከሆነ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጋዝ አለ። መጠኑ ሲበዛ ማሽተትንም ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ብሎ የሚገባ ሰው እዚያው ይቀራል። ገጠር ውስጥ ደግሞ ጅብ በቱቦ ውስጥ ይወልዳል፤ ገብተን ዓይኗ በባትሪ ሲበራ አይተን የተመለስንበት ጊዜ አለ።

እዚህ ላይ የማልተወው ነገር አለ። በከተሞቻችን በአንዳንድ ቱቦ ውስጥ ሰው ያድራል። ልጆች ያድራሉ። ቱቦ ለመጥረግ ወይም ለመዝጋት የሚሄድ ቡድን ከሁሉ አስቀድሞ በሁለቱም አፍ ተጣርቶ ውስጡ ሰው አለመኖሩን ማረጋገጥ አለበት፤ ከዝናብ በፊት ደግሞ በተለይ። ልጁን ከቱቦው ማስወጣት ብቻ አይደለም፤ የት ይሂድ የሚለውን ከወረዳው ጋር ተነጋግሮ መሄድ ይገባል። በምርመራ ቅጾቻችን ላይ ስለ ኮንክሪት ብዙ ሣጥን አለ፤ በቱቦው ውስጥ ሰው ይኖራል ወይ የሚል ጥያቄ ግን አንድም ቅጽ ላይ አጋጥሞኝ አያውቅም። ሊኖር ይገባል።

በቱቦው ውስጥ ግድግዳውን በመዶሻ እንመታለን። ጤነኛ ኮንክሪት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ከኋላው አፈር የሄደበት ደግሞ እንደ ባዶ እንስራ ያስተጋባል። መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ እናያለን፤ አፈር የሚንጠባጠብበት፣ የዛፍ ሥር የገባበት፣ የብረት ዝገት ቀይ መስመር የጣለበት ይመዘገባል። በመጨረሻ ወደ ላይኛው አፍ እንወጣለን። ቁጥቋጦው ላይ የተሰቀለው ገለባና ፌስታል እስከ የት ከፍታ ደርሷል? አምና ጎርፉ የደረሰበትን ያለ ምንም መሣሪያ የሚናገር እሱ ነው። ከቱቦው ጣሪያ በላይ ከሆነ ቱቦው ጠቦታል ማለት ነው።

ስለ መጥበብ ካነሳን ደግሞ ከተማው ውስጥ ያለውን ችግር መናገር አለብኝ። እ.ኤ.አ. በ1889 ኤሚል ኩይችሊንግ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ያስተዋወቀው የጎርፍ ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ የዝናቡን ብርታት በመሬቱ ስፋት ታባዛላችሁ፤ ከዚያ ከመሬቱ ላይ ምን ያህሉ እንደሚፈስ በሚያሳይ ቁጥር ታባዙታላችሁ። 10 ሄክታር ተዳፋት እንውሰድ። በሰዓት 72 ሚሊ ሜትር በሚደርስ ብርታት ጥቂት ደቂቃ ቢዘንብበት በየሴኮንዱ 2 ሜትር ኩብ ውሃ ይወርድበታል። መሬቱ ሣር ቢሆንና ሦስት አሥረኛው ብቻ ቢፈስ 0.6 ሜትር ኩብ ነው። ባለ 90 ሴንቲ ሜትር ቱቦ እንደ አቀማመጡ በሴኮንድ ወደ 1 ሜትር ኩብ ያሳልፋል፤ ስለዚህ ያለ ችግር ይሸከመዋል። አሁን በዚያው ተዳፋት ላይ ቤት ይሠራ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግቢው ሲሚንቶ፣ መንገዱ ኮብልስቶን ይሁን። ከውሃው ዘጠኝ አሥረኛው ይፈሳል። 1.8 ሜትር ኩብ ሆነ። ዝናቡ አልጨመረም፤ ቱቦውም አልተበላሸም። ሰፈሩ ነው ያደገው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በየዓመቱ ዘንድሮ ዝናቡ ጉድ ነው ሲባል የምንሰማው ከዚህ የመጣ ብዙ አለበት። የቤት ግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ሰውና ቱቦውን የሚያየው ሰው በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው እስካልተነጋገሩ ድረስ ይህ አይስተካከልም።

ሌላም ሰው በስህተት የሚረዳው ነገር አለ። የአሥር ዓመት ጎርፍ ሲባል በአሥር ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ይመስላል። ትርጉሙ በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ አሥር ነው ማለት ነው። ተከታታይ አሥር ዓመት ብትቆጥሩ ቢያንስ አንዴ የመምጣት ዕድሉ ከመቶ 65 ነው። ዓምና መጣ፤ ዘንድሮም ሊመጣ ይችላል።

ሲሠራ ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ ባለ 90 የነበረው ወደ ባለ 60 ሴንቲ ሜትር ሲቀየር አይቻለሁ። ስፋቱ በአንድ ሦስተኛ ብቻ የቀነሰ ይመስላል። የሚያሳልፈው ውሃ ግን ወደ አንድ ሦስተኛ ይወርዳል። ከዚህም በላይ ባለ 60 ቱቦ ውስጥ ሰው ገብቶ ሊጠርግ አይችልም፤ አንዴ በደለል ከሞላ ብዙ ጊዜ ቆፍሮ ማውጣት ነው። በእኔ ፍርድ ይህ ቁጠባ አይባልም።

ቆሻሻው የሁላችንም ነው። ሃይላንድ የምንለው የውሃ ፕላስቲክ፣ ፌስታል፣ የግንባታ ተረፈ ምርት፣ በምሥራቅ ከተሞች የጫት ገራባ፣ ሁሉም የሚሄደው ወደዚያ ነው። ፕላስቲኩ ብቻውን ቱቦ አይዘጋም። ቅርንጫፍ ይመጣና ይገደገዳል፤ ፌስታሉ እሱ ላይ ይለጠፋል፤ ደለሉ ከኋላ ይሞላል፤ በአንድ ሌሊት ግድብ ይሆናል። ቤተሰቡን ግን ብቻውን አልወቅስም። ቆሻሻ የሚያነሳ መኪና ሳምንት ሙሉ ያልመጣበት ሰፈር ውስጥ እናት ፌስታሉን የት ታስቀምጠው?

አሁን ወደ ገጠር ልመለስ፤ ብዙ የተማርኩት እዚያ ነውና። አንድ ጊዜ በአንድ መንገድ ላይ የቱቦው የላይኛው አፍ በድንጋይና በባሕር ዛፍ ግንድ ተደፍኖ አገኘን። ሆን ተብሎ ነው የተደፈነው። ተቆጣን። ባለቤቱን ፈልጉ አልን። አንድ አዛውንት ገበሬ መጡ። አልካዱም። ተከተሉኝ ብለው ከመንገዱ በታች ወዳለው ማሳቸው ወሰዱን። ከቱቦው አፍ የሚነሳ ቦረቦር ማሳውን ለሁለት ከፍሎታል። የሰው ቁመት ይውጣል። መንገዱ ሳይሠራ እዚያ ጤፍ ይዘሩ እንደነበር፣ በሬያቸው ዳር እስከ ዳር ሳይቆም ያርስ እንደነበር ነገሩን። ቦረቦሩ በየክረምቱ ወደ ቤታቸው እየተጠጋ ነበር። እኛ ውሃውን ከአራት ሸለቆ ሰብስበን በአንድ ቱቦ እሳቸው ማሳ ላይ ለቀነዋል። ለመንገዱ አስበናል፤ ለእሳቸው አላሰብንም።

ይህ የአንድ ሰው ዕጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ከመቀሌ ወደ አድዋ በሚወስደው መንገድ ላይ መንገዱ ከተሠራ በኋላ ቦረቦር እንዴት እንደተስፋፋ በዝርዝር አሳይቷል። ደስ የሚለው ደግሞ በዚያው በትግራይ ኋላ ላይ የተሻለ መንገድ መገኘቱ ነው። ከቱቦ የሚወጣውን ውሃ ወደ ኩሬ፣ ወደ እርከን፣ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ መምራት ተጀመረ፤ ማሳ ይበላ የነበረው ውሃ የጉድጓድ ውሃ እንዲጨምር አደረገ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት የሥራ ደንብ አለ። ቱቦ የሚያልቀው በክንፉ ግንብ ላይ አይደለም። ውሃው ጉዳት ሳያደርስ ወደ ተፈጥሮ ወንዙ እስኪገባ ድረስ ያለው ሁሉ የቱቦው አካል ነው፤ ምርመራውም እስከዚያ ድረስ ወርዶ ማየት አለበት። አዛውንቱም ድንጋዩን ያነሱት መውጫው በጋቢዮን፣ ማለትም በሽቦ መረብ በታሰረ ድንጋይ፣ ከተደረደረና ውሃው ወደ ጅረቱ ከተመራ በኋላ ነው። በፈቃዳቸው አነሱት።

ገንዘቡስ ከየት ይመጣል? በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመ የመንገድ ፈንድ አለን፤ ከነዳጅ ላይ ከሚሰበሰብ ገንዘብ ለጥገና ይከፍላል። መኪና የነዳ፣ ታክሲ የተሳፈረ ሁሉ ለቱቦ ጥገና ከፍሏል ማለት ነው። ያኔ የአገሪቱ መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ዛሬ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ታላቅ ሥራ ነው፤ ተሳትፌበታለሁ፤ እኮራበታለሁ። ነገር ግን እያንዳንዱ አዲስ ኪሎ ሜትር አብረውት የሚወለዱ ቱቦዎች አሉት፤ ለእነሱ ደግሞ ሪባን የሚቆርጥ የለም። የተጠረገ ቱቦ አይመረቅም። ለመጥረግ ጥቂት ሰዎች፣ አካፋና ጥቂት ቀን ይበቃል፤ ሳይጠረግ ቀርቶ መንገዱ ሲቆረጥ ዶዘር፣ ተቋራጭ፣ ተለዋጭ መንገድ፣ ሳምንታት ይጠይቃል። በመካከሉ ወላድ በቃሬዛ ትሻገራለች፤ ቲማቲም በአይሱዙ ላይ ይበሰብሳል። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ይህንኑ ነው።

በኬንያ እ.ኤ.አ. በ1974 የተጀመረ የገጠር መንገዶች ፕሮግራም ነበር። ከመንገዱ ዳር የሚኖር ሰው ከቤቱ አጠገብ ያለችውን አጭር ርቀት በውል ተረክቦ ቦዩንና ቱቦውን ይጠርግ፣ ክፍያም ያገኝ ነበር። ሐሳቡ ልቤን ይነካዋል። መሐንዲስ ቢበዛ በዓመት ሁለት ጊዜ ያያል፤ ጎረቤት ግን በየቀኑ ያያል። መሬቱ እንደ ከበሮ ሲጮህ የሚሰማው እሱ ነው። ለዚያ እረኛ ከማመስገን በቀር ምንም አልሰጠነውም። ደመወዝ ይገባው ነበር።

ዛሬ ስትመለሱ ከቤታችሁ አቅራቢያ ያለውን ቱቦ ፈልጉት። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን፣ በብርሃን፣ ሁለቱንም አፍ ከውጭ ሆናችሁ እዩት፤ ውስጥ አትግቡ። ደለሉ እስከ የት እንደሞላ፣ መውጫው ሥር መቦርቦሩን፣ አስፋልቱ መጎድጎዱን ተመልከቱ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ቦታውን በግልጽ ጻፉ፤ ለወረዳችሁ ወይም መንገዱን ለሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ስጡ፤ የተቀበላችሁን ሰው ስምና ቀኑን ያዙ። በሳምንቱ ተመልሳችሁ ጠይቁ። ዛሬ ግንቦት 9 ነው። ሰኔ 1 ሊገባ 22 ቀን ቀርቶታል።